የፀሐይ ሰሌዳም እንደ በሬ ጥማድ ይመረጥለታል

የአገራችን ገበሬ በሬ ሲያጣምድ የሁለቱን ጉልበትና እርምጃ አስተያይቶ ነው። ብርቱውን ከደካማው ጋር በአንድ ቀንበር ያዋለ እንደ ሆነ፥ እርሻው የሚሄደው በብርቱው ጉልበት ሳይሆን በደካማው እርምጃ መሆኑን ያውቃልና። ይህ የእርሻ ጥበብ ዛሬ በብዙ ቤቶች ጣራ ላይ ለሚታየው፥ ሕዝቡም በተለምዶ «ሶላር» ለሚለው የፀሐይ ሰሌዳ ጭምር የሚሠራ መሆኑን የሰማ ሰው ሳይደነቅ አይቀርም። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ይህንንም ባለማወቅ የስንቱ ገንዘብ ያለ ጥቅም ጣራ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጣው የሲሊኮን ሴል ለዓለም የተገለጸው በ1946 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ከቤል ላቦራቶሪ ነው። በዚያን ጊዜ ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ 6 እጅ ያህሉን ብቻ ነበር። ዛሬ በገበያ ከሚሸጡት መካከል ከመቶ 20 እጅና ከዚያም በላይ የሚለውጡ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከዓመታት በፊት የተገዛና ዛሬ የሚገዛ ሰሌዳ በመጠንም በኃይልም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ችግሩም የሚመጣው አሮጌውንና አዲሱን ባንድነት ለማሠራት የታሰበ እንደ ሆነ ነው።

እስቲ ምሳሌ እንውሰድ። የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ የሚኖር አንድ ባለሱቅ 100 ዋት የሚሰጥ ሰሌዳ አለው እንበል። ከሰሌዳው ጀርባ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ግፊቱ 18 ቮልት፥ ፍሰቱ 5.5 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። ማታ አምፖሎቹ ቶሎ ስለ ደከሙበት፥ ልጆቹም ጥናታቸውን ሳይጨርሱ ስለ ጨለመባቸው፥ ተበድሮ 50 ዋት የሚሰጥ ሌላ ሰሌዳ ገዛ። የዚህኛው ግፊት እንደ ፊተኛው 18 ቮልት ሲሆን ፍሰቱ ግን 2.8 አምፔር ነው። መቶና አምሳ ሲደመር 150 ነውና፥ ባለሱቁ 150 ዋት ይጠብቃል። ያገኛል ወይ ቢሉ፥ መልሱ በሽቦው አገጣጠም ላይ የተመሠረተ ነው።

የአንደኛው ፖዘቲቭ ከሁለተኛው ኔጋቲቭ ጋር ተያይዞ ሰሌዳዎቹ አንዱ በሌላው ላይ የተቀጠሉ እንደ ሆነ፥ ባለሙያዎች አገጣጠሙን «ሲሪስ» ይሉታል። በዚህ ጊዜ ግፊቱ ይደመርና 36 ቮልት ይሆናል፤ ፍሰቱ ግን አይደመርም። ኤሌክትሪኩ በሁለቱም ውስጥ በአንድ መንገድ የሚያልፍ ስለ ሆነ በደካማው 2.8 አምፔር ይወሰናል። 36 በ2.8 ሲባዛ 100 ዋት ያህል ነው። እንግዲህ ባለሱቁ ተበድሮ የገዛው ሰሌዳ ምንም አልጨመረለትም ማለት ነው፤ ብርቱው በሬ በደካማው እርምጃ ተይዟልና።

ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ፥ ኔጋቲቩ ከኔጋቲቭ ጋር የተገናኘ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ይህም «ፓራለል» የሚባለው ነው። ሁለት ምንጮች ወደ አንድ ቦይ እንደሚገቡ ያለ ነውና፥ ፍሰቱ ተደምሮ 8.3 አምፔር ይሆናል፤ ግፊቱ እዚያው 18 ቮልት ላይ ይቆያል። ሁለቱ ሲባዙ ባለሱቁ የጠበቀው 150 ዋት ተገኘ። ሰሌዳዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው የሽቦው አያያዝ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ፓራለልም የራሱ ሕግ አለው። ባለሱቁ በሌላ ጊዜ 30 ቮልትና 8.3 አምፔር ያለው፥ 250 ዋት የሚሰጥ ትልቅ ሰሌዳ አምጥቶ ከነዚህ ጋር በፓራለል ቢያገናኝ፥ ትልቁ ሰሌዳ ወደ 18 ቮልት ገደማ ዝቅ እንዲል ይገደዳል፤ ከኃይሉም ወደ 100 ዋት የሚጠጋውን ያጣል። ስለዚህ ነገሩን በአጭሩ እንዲህ ብሎ መያዝ ይቻላል፦ በሲሪስ የሚገናኙት በአምፔር ይመሳሰሉ፤ በፓራለል የሚገናኙት በቮልት ይመሳሰሉ።

ብዙ ሰው የሚጨነቀው ሰሌዳው ጥቁሩ ሞኖ ነው ወይስ ሰማያዊው ፖሊ በማለት ነው። ነገር ግን ቁጥራቸው ከተቀራረበ ሞኖና ፖሊ ያለ ጠብ አብረው ይሠራሉ። በሌላ በኩል ስስ ሽፋን ከሚባሉት ሰሌዳዎች መካከል ግፊታቸው ከ60 ቮልት በላይ፥ ፍሰታቸው ከ2 አምፔር በታች የሆነ አሉ፤ እነዚህ ከተለመዱት ጋር በምንም አኳኋን ሊጣመዱ አይገባም። ሊታይ የሚገባው ከመልኩ ይልቅ በጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

የማይመሳሰሉ ሰሌዳዎችን የያዘ ሰው ምን ያድርግ ቢሉ፥ መፍትሔው ለየቡድናቸው የራሳቸውን ኮንትሮለር መስጠት ነው። ሁለት ኮንትሮለሮች፥ ሁለቱም ለባትሪው ዓይነት በትክክል ከተስተካከሉ፥ አንዱን ባትሪ ባንድነት ሊሞሉ ይችላሉ። ነገር ግን ባለ 30 ቮልቱን ሰሌዳ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ላይ ፒ ደብሊው ኤም በሚባለው ርካሽ ኮንትሮለር ማሠራት ከኃይሉ ከግማሽ በላይ ማባከን ነው፤ ለእንዲህ ያለው የሚስማማው ኤም ፒ ፒ ቲ የሚባለው ነው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ለደኅንነት ሲባል ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛ፥ ሦስትና ከዚያ በላይ መስመሮች በፓራለል ሲገናኙ ለየአንዳንዱ መስመር ፊውዝ ያስፈልገዋል፤ አንዱ የተበላሸ እንደ ሆነ የሌሎቹ ፍሰት ወደ እርሱ ተመልሶ ሊያቃጥለው ይችላልና። ሁለተኛ፥ የሰሌዳ ግፊት በብርድ ይጨምራል። በደጋ አገር ብርዱ ወደ ዜሮ ዲግሪ በሚጠጋበት ጧት፥ በጽሑፉ ላይ ከተመለከተው ከመቶ 8 እጅ ያህል ከፍ ሊል ይችላል። በሲሪስ የተደመረው ግፊት ኮንትሮለሩ ከሚችለው ልክ አጠገብ ከደረሰ፥ አንድ ብርዳም ጧት ብዙ ብር የወጣበትን ዕቃ ያበላሻል።

እንግዲህ ተጨማሪ ሰሌዳ ለመግዛት ያሰበ ሁሉ ወደ ገበያ ከመሄዱ አስቀድሞ ጣራው ላይ ያለውን ሰሌዳ ቮልትና አምፔር በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ ሻጩንም ከዋጋው በፊት ስለ እነዚህ ቁጥሮች ይጠይቅ። ገበሬው በሬ ሲገዛ ቤት ያለው በሬ ከማን ጋር ይጠመዳል ብሎ እንደሚያስብ ሁሉ፥ ባለሱቁም እንዲሁ ቢያደርግ ብድሩ በከንቱ አይቀርም፤ ልጆቹም ትምህርታቸውን በብርሃን ይጨርሳሉ።