ስኪ እንዴት ይመዘናል? የባጃጅና የአይሱዙ ልዩነት በበረዶ ተራራ ላይ

እንደሚታወቀው አገራችን የሯጮች እንጂ የበረዶ ስፖርተኞች አገር አይደለችም። «በረዶ» ስንል እንኳ ቀድሞ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ቆርቆሮ የሚደበድበውና ሰብል የሚያወድመው የክረምቱ ጠጠር ነው። ይህም ሆኖ ባንዲራችን በክረምት ኦሊምፒክ ተውለብልባለች። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ያቀናው ሮቤል ተክለማርያም፣ በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በጣሊያን ቶሪኖ በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ 83ኛ፣ በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) ደግሞ በካናዳ ቫንኩቨር 93ኛ ሆኖ ውድድሩን ጨርሷል።

ዛሬ ነገሩ ከኦሊምፒክ ወርዶ ወደየቤታችን ገብቷል። እኔ የወልቂጤ ልጅ ነኝ፤ በእናቴ ወገን የቡታጅራ ሰው ነኝ። የምኖረው ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ነው። ከተማዋ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ወልቂጤና ቡታጅራ ይበልጧታል። ከእሷ በስተምዕራብ ባሉት ተራሮች ግን ስኪ የሚነዳባቸው ሪዞርቶች አናት ከዘቢዳር ተራራ፣ ማለትም ከ3,700 ሜትር በላይ የሚደርስ አለ። እዚህ ያደጉ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ወደዚያ ይወጣሉ። ወላጆች ደግሞ «የትኛውን እንግዛለት?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የጉልበት አጥንትንም ኪስንም የሚነካ በመሆኑ በጥሞና ሊመለስ ይገባዋል።

«ተጫዋች» ሲባል ምን ማለት ነው?

በቅድሚያ የሮቤል ስኪና የሪዞርት ስኪ የተለያዩ መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። የአገር አቋራጩ ቀጭንና ቀላል ነው፤ ተረከዙም ከስኪው ላይ ይነሳል። የሪዞርቱ ግን ሰፋ ያለ ነው፤ ጫማው ከፊትም ከኋላም ይታሰራል፤ ሥራውም ቁልቁል መውረድ ነው። ከዚህኛው ወገን ለሁሉም ዓይነት በረዶ እንዲሆን ተደርጎ የሚሠራው «ኦል ማውንቴን» ይባላል። ሻጮች ይህንኑ መልሰው «ተጫዋች» እና «የተረጋጋ» እያሉ ለሁለት ይከፍሉታል።

ልዩነቱን ለአገሬ ሰው ሳስረዳ ባጃጅንና አይሱዙን እጠቅሳለሁ። ባጃጅ በወልቂጤ ጠባብ መንገድ ላይ እንደፈለገ ይዞራል፤ ጉድጓድ ሲያይ ይሸሻል፤ ለሾፌሩም አይከብድም። ወደ ሆሳዕና በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በፍጥነት ንዳው ቢባል ግን መንገጫገጭና መወዛወዝ ይጀምራል። አይሱዙው በተቃራኒው ለማዞር ትከሻ ይጠይቃል፤ መስመሩን ከያዘ በኋላ ግን ንቅንቅ አይልም። ተጫዋች ስኪ ባጃጅ ነው፤ የተረጋጋው አይሱዙ ነው። ከሁለቱ አንዱ በደፈናው «ጥሩ»፣ ሌላው «መጥፎ» አይባልም።

አራቱ መመዘኛዎች

አንደኛው የወገብ ስፋት ነው። ይህ ስኪው ከእግር ሥር ያለው ስፋት ሲሆን በሚሊ ሜትር ይለካል። ከ85 በታች የሆነው ለተደለደለና ለጠነከረ በረዶ ይመቻል። ከ105 በላይ ያለው እንደ ጤፍ ዱቄት በላመ ጥልቅ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል። ኦል ማውንቴን የሚባለው በአብዛኛው በመካከል ያለው ነው። ወገቡ በሰፋ ቁጥር ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመገልበጥ ጊዜ ይወስዳል።

ሁለተኛው ቅርጹ ነው። ሁለቱን ስኪዎች ሆድ ለሆድ ገጥማችሁ ከጎን ብታዩዋቸው መሐል ላይ ክፍተት ይታያል። ይህ ጉብታ ጠርዙ በጠንካራ በረዶ ላይ እንዲነክስ ያደርጋል። አፍንጫውና ጭራው ቀድመው የሚለያዩ ከሆነ ደግሞ «ሮከር» ይባላል። ሮከር ስኪው በቀላሉ እንዲዞርና እንዲንሸራተት ያግዛል፤ በረዶውን የሚነካውን ጠርዝ ግን ያሳጥራል። ሐሳቡ በስፋት የታወቀው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ሟቹ ስኪተኛ ሼን ማኮንኪ የውኃ ላይ ስኪን ቅርጽ ተመልክቶ ወደ በረዶ በማምጣቱ ይታወሳል። ተጫዋች ስኪ በሁለቱም ጫፍ ሰፊ ሮከር አለው።

ሦስተኛው ጥንካሬው ነው። ውስጡ እንጨት ሲሆን፣ በላዩ ፋይበርግላስ፣ አንዳንዴም ቲታናል የተባለ ብረት ይነጠፍበታል። ቲታናል ስሙ ቲታኒየም ቢመስልም የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ብረቱ ንዝረትን ያፍናል፤ ክብደትም ይጨምራል። ተጫዋቾቹ ብረቱን ይቀንሳሉ ወይም ጭራሹን ይተዉታል።

አራተኛው ርዝመትና የመዞሪያ ስፋት ነው። እንደተለመደው የስኪ ቁመት ከአገጭ እስከ አናት ባለው መካከል ይመረጣል። ሮከር የበዛበት በተግባር አጭር ስለሚሆን ትንሽ ረዘም ያለውን መውሰድ ይመከራል። በስኪው ላይ የተጻፈው የመዞሪያ ቁጥር 15 ሜትር አካባቢ ከሆነ አጭር መዞርን፣ ከ20 ካለፈ ረጅሙን ይወዳል።

በረዶው ላይ ሲሞከር

በወረቀት የተጻፈው ሁሉ በረዶው ላይ ካልተፈተነ ግማሽ እውነት ነው። በሪዞርቶች አቅራቢያ ያሉ ሱቆች ለሙከራ ያከራያሉ፤ አንዳንዶቹም የኪራዩን ገንዘብ ከግዢው ላይ ይቀንሳሉ። እኔ ወገቡ 95 ሚሊ ሜትር የሆነ ተጫዋችና ወገቡ 88 የሆነ ባለብረት ስኪ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቁልቁለት ላይ እያፈራረቅሁ ሞክሬያለሁ።

ጠዋት በረዶው እንደ ድንጋይ በጠነከረበት ሰዓት ባለብረቱ ያለ ጥርጥር በለጠ። ተጫዋቹ በፍጥነት ስሄድ አፍንጫው ይርገበገባል፤ ዳገታማው ጥግ ላይም ጭራው ይከዳኛል። ከሰዓት በኋላ ግን በረዶው በሰው ብዛት ተቆፍሮ ጉብታ በጉብታ ሲሆን ነገሩ ተገለበጠ። በዛፎቹ መካከልና በጉብታዎቹ ላይ ተጫዋቹ በቁርጭምጭሚት ትእዛዝ ብቻ ሲዞር፣ ባለብረቱ ጭኔን አቃጠለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ጠርዙ የደነዘዘ ስኪ፣ ጥሩም ቢሆን፣ መጥፎ ይመስላል። ለመስቀል ክትፎ የሚከትፍ ሰው ቢላዋውን ሳይስል ሥጋው ጠነከረ አይልም። በመሆኑም ከሙከራ በፊት ጠርዙ መሳሉን፣ ሆዱም ሰም መቀባቱን ጠይቁ።

ጉልበትና ገንዘብ

ከስኪው በፊት ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ጫማው ነው፤ እግር በጫማው ውስጥ ከተንቀሳቀሰ የትኛውም ስኪ አይታዘዝም። ቀጥሎ ማያያዣው ነው። ማያያዣው ሰው ሲወድቅ ጫማውን እንዲለቅ ተደርጎ ይስተካከላል። ልኩ የሚወሰነው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በችሎታና በጫማው ሶል ርዝመት ሲሆን፣ ሥራውም ለባለሙያ የሚተው ነው። ይህ መሣሪያ የቅልጥም ስብራትን በእጅጉ ቢቀንስም፣ የጉልበት ጅማት መበጠስ ዛሬም የስፖርቱ ዋነኛ ጉዳት ነው። ስለዚህ ከልጁ አቅም በላይ የሆነ ግትር ስኪ «ሲያድግ ይለምደዋል» ተብሎ አይገዛም።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። አዲስ ጥንድ ከማያያዣው ጋር በቀላሉ ከ700 ዶላር ያልፋል። የእህቴ ልጅ ቅዳሜና እሑድ ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ስኪ ልግዛ ሲል፣ እህቴ ገንዘቡን ለመስቀል አገር ቤት መግቢያ ትኬት ታስበው ነበር። ወልቂጤ ያለችው እናታችንም በስልክ ሰምታ «ለሁለት ሳንቃ ነው ይህ ሁሉ ገንዘብ?» አለች። አነጋገሯ ቢያስቅም ሚዛኑ ትክክል ነበር። ልጁ በመጨረሻ ጫማውን አዲስ፣ ስኪውን ግን ወቅቱ ሲያበቃ ከሙከራ ኪራይ የወጣ ያገለገለ ተጫዋች ስኪ ገዛ፤ የተረፈው ለትኬቱ መነሻ ሆነ።

ለማጠቃለል ያህል፣ ሳምንቱን ሠርቶ በዕረፍት ቀኑ ለደስታ የሚወጣ፣ ክብደቱ መካከለኛ የሆነ፣ ጉብታና ዛፍ የሚወድ ሰው ተጫዋቹን ቢይዝ አይጸጸትም። ከባድ ሰውነት ያለው፣ ፍጥነት የሚወድና በጠንካራ በረዶ የሚውል ግን ባለብረቱን ይምረጥ። በዓመት ከአምስት ቀን በታች የሚወጣና ገና ቁመት የሚጨምር ልጅ ደግሞ ይከራይ እንጂ አይግዛ። ከመግዛታችን በፊት «የምሄድበት መንገድ የትኛው ነው? የሚነዳውስ ማን ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። የስኪው ስምና ቀለም ከዚያ በኋላ የሚታይ ነገር ነው።