የመርከብ እንግዶች በዛንዚባር ገበያና ማዕድ ቤት

በህንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው የታንዛኒያዋ ዛንዚባር፣ በክሩዝ መርከብ መጥተው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ለሚያርፉ እንግዶች ከምታቀርባቸው አገልግሎቶች አንዱ የእግር ጉብኝትን ከምግብ ዝግጅት ጋር ያጣመረው መርሐ ግብር ነው።

በክሩዝ የሚጓዝ ሰው የመኝታና የምግብ ወጪውን አስቀድሞ ለመርከቡ ኩባንያ ከፍሏል። ማለዳ ወርዶ ሲመሽ ወደ መርከቡ የሚመለስ በመሆኑ ለሆቴል አይከፍልም፤ ምሳውንም መርከቡ ላይ ከበላ ለነዋሪው ትቶ የሚሄደው ገንዘብ እጅግ አነስተኛ ይሆናል። ከገበያ ገዝቶ፣ ከነዋሪዎች ጋር አብስሎ፣ እዚያው የሚመገብ ከሆነ ግን ገንዘቡ ለዓሣ ሻጩ፣ ለኮኮናት ነጋዴውና ሙያውን ለምታሳየው ባልቴት ይደርሳል። እርግጥ ነው፣ ጉብኝቱ መርከቡ ላይ የተሸጠ ከሆነ ከክፍያው የተወሰነው ለኩባንያው ይቀራል።

ወደቡ ለጥንታዊቷ ስቶን ታውን እጅግ ቅርብ በመሆኑ ተሽከርካሪ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ይህች ከተማ ለመኪና በማይበቁ ጠባብ መተላለፊያዎቿና የነሐስ ጉብጉብ በተመታባቸው የተቀረጹ የእንጨት በሮቿ ትታወቃለች። በባሕሩ ዳርቻ እ.ኤ.አ በ1883 የተገነባው “ቤተ ተአምር” የተባለው የሱልጣኖች ሕንፃ ይገኛል። ሕንፃው እ.ኤ.አ በ2020 መጨረሻ በከፊል ተደርምሷል።

ወደ ውስጥ ሲዘለቅ የአንግሊካን ካቴድራል ይደረሳል። ካቴድራሉ የተሠራው እ.ኤ.አ በ1873 በተዘጋው የባሪያ ገበያ ሥፍራ ላይ ነው። ይህ ታሪክ ከማዕድ ቤቱ ጋር ግንኙነት የሌለው ሊመስል ይችላል። ይሁንና ደሴቲቱን በዓለም ያስጠራት ቅርንፉድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰፊው የለማው በባሪያዎች ጉልበት ነበር። አስጎብኚዎች ይህን ዘለው ወደ ቅመሙ ሽታ ባይቸኩሉ መልካም ነው።

እ.ኤ.አ በ1904 የተሠራው የዳራጃኒ ገበያ ከካቴድራሉ ብዙም አይርቅም። ዓሣው፣ ሥጋው፣ ፍራፍሬውና ቅመሙ የየራሳቸው ሥፍራ አላቸው። እንግዶች የምሳቸውን ግብዓት የሚገዙት እዚህ ነው። ለአገራችን አንባቢ አብዛኛው ቅመም እንግዳ አይደለም፤ ቀረፋ፣ ሄል፣ ከሙን፣ ቁንዶ በርበሬ ሁሉም አሉ። ቅርንፉድን የደሴቲቱ ሰዎች “ካራፉ” ይሉታል፤ የእኛም የእነሱም ስያሜ ከዐረብኛው ቃል ጋር ይዛመዳል። ቅርንፉድ ሳይፈነዳ የተለቀመና በፀሐይ የደረቀ የአበባ እምቡጥ መሆኑን ብዙዎች የሚሰሙት እዚህ ነው።

በማዕድ ቤት ቀዳሚው ሥራ ኮኮናት መፋቅ ነው። መፋቂያው ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ብረት የተተከለበት አጭር የእንጨት በርጩማ ሲሆን ስሙ “ምቡዚ” ነው፤ በስዋሂሊ ፍየል ማለት ነው። እንግዳው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ለሁለት የተከፈለውን ኮኮናት በብረቱ ላይ ያዟዙራል። ለጀማሪ ቀላል አይደለም፤ እጅን መጠንቀቅ ያሻል። የተፋቀው ውሃ ተጨምሮበት በእጅ ሲታሽና ሲጨመቅ “ቱዊ” የተባለው ወተት ይወጣል። የመጀመሪያው ጭማቂ ወፍራም፣ ሁለተኛው ቀጭን ነው። ዓሣው የሚበስለው በቀጭኑ ሲሆን ወፍራሙ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ገብቶ ብዙ ከፈላ ይቋጠራል።

ፒላው የተባለው የሩዝ ምግብ ደግሞ ሽንኩርቱ እስኪጠቁር ድረስ በመጥበስ ይጀምራል። የምግቡ ቡናማ ቀለም በዋነኛነት የሚመጣው ከዚህ ሽንኩርት ነው። በአብዛኛው ቅመሙ እንደ እኛ ባልትና ተፈጭቶ ሳይሆን ፍሬው እንዳለ ይገባል፤ በመሆኑም የሚበላ ሰው ቅርንፉዱን ነክሶ እንዳይደነግጥ ይመከራል።

የደሴቲቱ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ ጎብኚዎች ትከሻና ጉልበታቸውን እንዲሸፍኑ፣ ሰው ፎቶግራፍ ከማንሳታቸው በፊትም እንዲያስፈቅዱ ይጠበቅባቸዋል። በረመዳን ቀን ቀን በአደባባይ መብላትና መጠጣት ስለማይፈቀድ ምሳው በቤት ውስጥ ብቻ ይሆናል።

ትልቁ ፈተና ሰዓት ነው። ጉብኝቱን በመርከቡ በኩል ሳይሆን በግሉ የያዘ እንግዳ ከዘገየ መርከቡ ላይጠብቀው ይችላል። ጥሩ ዓሣ የሚገኘውም ጠዋት ነው። ስለዚህ ጊዜው አጭር ከሆነ ገበያውን አስቀድሞ፣ ከታሪካዊ ሕንፃዎቹ ጥቂቱን ከምሳ በኋላ ወደ ወደቡ ሲመለሱ በመንገድ ላይ ማየት ይሻላል።