«ከብት ሞተብን» ማለት ብቻውን አይበቃም

«ከብት ሞተብን» የሚል መልእክት ከቀበሌ ወደ ወረዳ ሲደርስ የእንስሳት ጤና ባለሙያው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ከብት?» ብሎ ነው። «ከብት» ሰፊ ቃል ነውና። ላምና በሬ የዳልጋ ከብት፣ ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ደግሞ የጋማ ከብት ይባላሉ። በግና ፍየልም አንዳንዴ በዚሁ ስም ይጠቃለላሉ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ ጥያቄው ክብደት አለው። የዳልጋ ከብት፣ ፍየል፣ በግ፣ አህያና ግመል ጎን ለጎን ይረባሉ። አካባቢው ከአፋር ጋር ስለሚዋሰንም እንስሳቱ በውኃ፣ በግጦሽና በገበያ ይገናኛሉ። ሁሉም ልጆቻቸውን ወተት የሚያጠቡ አጥቢ እንስሳት ቢሆኑም የሚያጠቃቸው በሽታም ሆነ የሚስማማቸው መኖ አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው መለያ ሰኮና ነው። አፍተግር ሰኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳትን፣ ማለትም የዳልጋ ከብትን፣ በግንና ፍየልን ያጠቃል። ሰኮናዋ ድፍን የሆነውን አህያ ግን አይዛትም። አባ ሰንጋ በአንጻሩ ሰውን ጨምሮ አጥቢዎችን በአጠቃላይ ስለሚያሰጋ በድንገት የሞተን እንስሳ መግፈፍም ሆነ ሥጋውን መብላት አይገባም።

የበሽታ ስምም ያሳስታል። «ደስታ» የዳልጋ ከብት በሽታ ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በክፉ ቀን የአገሪቱን ከብት የፈጀው ይኸው በሽታ በ2003 ዓ.ም ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ዛሬ በግና ፍየልን የሚገድለው «ደስታ መሰል» በሽታ ሌላ ነው፤ ክትባቱም ለእነርሱ የተዘጋጀ ነው። ሪፖርቱ «ደስታ ገባ» ቢል የጠፋ በሽታ ይመዘገባል፤ የሚያስፈልገው ክትባትም ይዘገያል።

ሁለተኛው መለያ ሆድ ነው። ላም፣ በግና ፍየል የሚያመነዥኩ እንስሳት ናቸው። ሆዳቸው አራት ክፍል አለው፤ ጨጓራና ለማጠብ አስቸጋሪው ሽንፍላ ከእነዚሁ ውስጥ ናቸው። ግመልም ያመነዥካል፤ የእርሱ ሆድ ግን ሦስት ክፍል ነው። አህያ አታመነዥክም።

ልዩነቱ በመኖ ዝግጅት ላይ ጎልቶ ይታያል። 100 ኪሎ ግራም ገለባ ወይም የተከተከተ የማሽላ አገዳ፣ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ ተሟሙቶ ይረጭበትና አየር እንዳያስገባ ተሸፍኖ ለ21 ቀናት ይቆያል። ከዚያም ሽታው እንዲወጣ ከተናፈሰ በኋላ ይቀርባል። ይህ መኖ የሚጠቅመው በጨጓራቸው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ዩሪያውን ወደ ፕሮቲን ለሚለውጡላቸው አመንዣኪዎች ነው። ለአህያ፣ ለፈረስና ጨጓራው ላልጎለመሰ ከ6 ወር በታች ለሆነ ጥጃ አይሰጥም። «ለከብት ይሰጣል» የሚል ምክር ይህን አይለይም።

የአበላል ልዩነትም አለ። የዳልጋ ከብትና በግ በዋናነት ሣር ይግጣሉ፤ ፍየልና ግመል ቅጠል መቀንጠብ ይመርጣሉ። ግራርና ቁርቁራ ያለበት ቦታ ለፍየል በቂ ቢሆንም ላም ልትጠግብበት አትችልም።

ዕድሜና ፆታን የሚለዩ ቃላትም አርሶ አደሩ ዘንድ ሞልተዋል፤ ጥጃ፣ ጊደር፣ ወይፈን፣ ኮርማ፣ ግልገል፣ ሙክት፣ ውርንጭላ። የመጀመሪያው ወተትም «እንገር» የሚል የራሱ ስም አለው። ጥጃና ግልገል በሽታ የመከላከል አቅም የሚያገኙት ከእንገር በመሆኑ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ሊጠቡ ይገባል።

ስለሆነም ከቀበሌ የሚላክ ሪፖርት የእንስሳውን ዓይነት፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቁጥርና የታየውን ምልክት መያዝ ይኖርበታል። ለምሳሌ «ከ12 ፍየሎች 3 ሴት ግልገሎች ሞተዋል፤ ተቅማጥና የአፍንጫ ፈሳሽ ታይቷል» የሚል አጭር መልእክት ባለሙያው ደስታ መሰልን እንዲጠረጥርና ተዘጋጅቶ እንዲመጣ ያደርገዋል። «ከብት ሞተብን» የሚለው ግን እንደገና ያስጠይቃል፤ በዚያ መሐል በሽታው ወደ ጎረቤት መንጋ ሊሻገር ይችላል።