የግራፊክስ ካርድ ፍጥነት ሲመዘን፣ ሚዛኑስ ማን ያውቀዋል?

የኮምፒዩተር ጨዋታ ወዳጅ ግራፊክስ ካርድ ሊገዛ ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠይቀው ካርዱ በሴኮንድ ስንት ፍሬም፣ ማለትም ስንት ምስል እንደሚያወጣ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዋጋውም ይወጣል። ለመሆኑ ቁጥሩ ይታመናልን?

ካርድ ፍጥነት የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በጉልበቱ ሲሆን ሁለተኛው ሥራ በመቀነስ ነው። ይኸውም የሩቁን ዕቃ ዝርዝር ማደብዘዝ ወይም ምስሉን በትንሹ ሠርቶ ማስፋት ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ብዙ ተጫዋች ጥርት ብሎ ከሚቆራረጥ ጨዋታ ይልቅ ትንሽ ደብዝዞ ሳይቆራረጥ የሚሄደውን ይመርጣል። ጥያቄው የሚነሳው ቅነሳው ከገዢው ሲደበቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የኤቲአይ ራዲዮን 8500 ካርድ ድራይቨር ኩዌክ 3 የተባለውን ጨዋታ በፋይሉ ስም እየለየ የምስሉን ጥራት ይቀንስ ነበር። የፋይሉ ስም ሲለወጥ ምስሉ ጠራ፤ ፍጥነቱ ግን ወረደ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የመፈተሻ ፕሮግራም አምራቹ ፊውቸርማርክ፣ የኤንቪዲያ ድራይቨር ፈተናውን ለይቶ እንደሚያውቅ ይፋ አደረገ። በፈተናው ካሜራው የሚሄድበት መንገድ አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ፣ ድራይቨሩ ከእይታ ውጭ ያለውን ሳይሠራ ያልፍ ነበር። አቋራጩ ሲዘጋ በጂፎርስ ኤፍኤክስ 5900 አልትራ ነጥብ ላይ የ24.1 በመቶ ልዩነት ታየ። ከቀናት በኋላ ግን ሁለቱ ኩባንያዎች በጋራ ባወጡት መግለጫ ድርጊቱ ማጭበርበር ሳይሆን ለአንድ ፕሮግራም የተደረገ ማሻሻያ ነው ተባለ።

ዛሬ አቋራጩ ተደብቆ ሳይሆን በማስታወቂያ ይሸጣል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የ549 ዶላሩ አርቲኤክስ 5070፣ በ2022 በ1,599 ዶላር ለገበያ የቀረበውን የአርቲኤክስ 4090 አቅም እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሆኖም በስሌቱ ውስጥ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈጠሩ ምስሎች አሉበት፤ ካርዱ ራሱ ለሚሠራው ለእያንዳንዱ ምስል እስከ ሦስት ምስል ይጨመራል። እነዚህ ዓይንን ያለሰልሳሉ እንጂ ለተጫዋቹ እጅ የሚሰጠውን ምላሽ አያፋጥኑም። በማስታወሻ አቅምም 5070 የያዘው 12 ጊጋባይት ሲሆን 4090 ግን 24 ነው።

በመሆኑም አስመጪም ሆነ ገዢ ሁለት ቁጥር ይጠይቅ፤ አንዱ ተጨማሪ ምስሎቹ ተዘግተው፣ ሌላው ተከፍተው የተለካውን። ዋጋ መነጋገር ያለበት በመጀመሪያው ላይ ነው። ሁለተኛው እንደ ምራቂ ይቆጠር።