የግቢ ቆሻሻና ወባ በይፋት ቆላ

አጣዬ ወይም ሸዋ ሮቢት የሚኖሩ ከሆነ ወባ ከረግረግ ብቻ የሚመጣ አይምሰልዎት። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ በኢትዮጵያ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሀር ላይ ተገኘች፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ አስነሥታለች። የምትራባው በበርሜል፣ በጀሪካንና በአሮጌ ጎማ በተጠራቀመ ውሃ ነው። ደንጊ የምታስተላልፈው ትንኝም እንደዚሁ።

ዕንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ብዙውን ጊዜ ከሳምንት ጥቂት ቢበልጥ ነውና በየሳምንቱ ግቢዎን ዞር ዞር ብለው ይዩ። ጣሳውንና ሃይላንዱን ዝናብ ሳይሞላው ለቆራሌ ይሽጡ፤ የውሃ በርሜሉን አጥብቀው ይክደኑ። ልጣጩን ለከብት ይስጡ ወይም ጉድጓድ ቆፍረው ያብስብሱት።

ፌስታል ግን ለእሳት ማቀጣጠያ አይጠቀሙ (ልማዱ ብዙ ነው)፤ ጭሱ አስም ያለበትን ልጅ ያስነሣበታል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጀመረዎት በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄደው ደምዎን ይመርመሩ።