ከጣሪያ በታች ያለው ሥራ

«ፓነሉን ገዝቼ ራሴ ብሰቅለውስ?» የሚል ጥያቄ ከደንበኞች በየጊዜው ይቀርብልኛል። መስቀሉን ራሳችሁ ብትሠሩት አልቃወምም። በቆርቆሮው ሥር ማገሩ የት እንዳለ ለይቶ ብረቱን እሱ ላይ ማሰር፣ ብሎኑ በገባበት ቀዳዳ ውኃ እንዳይሰርግ ጎማ ማድረግ፣ ፓነሉን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ማዘንበል እጁ ሥራ የለመደ ሰው የሚወጣው ነው። ጥላ በስንት ሰዓት ከየት እንደሚመጣ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እቤት የሚውል ሰው ያውቀዋል።

እኔን የሚያስፈራኝ ገመዱ ወደ ቤት ከገባ በኋላ ያለው ነው።

በቅርቡ ተጠርቼ የሄድኩበት ቤት ልጃቸው ጎበዝ ነው፤ ፓነሎቹን አሳምሮ ሰቅሏል፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩንም አልሳተም። ከፓነሉ በሚወርደው መስመር ላይ የገጠመው ግን ለቤት መብራት የሚሆነውን ተራ ብሬከር ነበር። ፈትቼ ሳየው የውስጡ ፕላስቲክ ቀልጦ ከመዳቡ ጋር ተጣብቋል። «ጋሼ፣ ሱቅ ውስጥ ያው ነው ብለውኛል» አለኝ።

ያው አይደለም። በቆጣሪ የሚገባው ኮረንቲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ ብሬከሩ ሲከፈት የሚነሣው እሳት ወዲያው ይጠፋል። የፓነሉ ኮረንቲ ግን ዲሲ የሚባለው ነው፣ ዜሮ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እሳቱ አንዴ ከተነሣ ያገኘውን እያቀለጠ ይቀጥላል። ፓነሉ ራሱ ደግሞ ፀሐይ እስካለች ድረስ ማጥፊያ የለውም። ሦስት ትልልቅ ፓነሎች በተከታታይ ሲያያዙ ወደ 150 ቮልት ይጠጋሉ፤ ይህ ቮልት ሰው ይገድላል።

ገመዱም እንዲሁ ነው። ከ12 ቮልት ባትሪ 1000 ዋት ለማውጣት ከ83 አምፔር በላይ ይፈስሳል። ለአምፖል የሚዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችለውም፤ ግሎ ሽፋኑን ያቃጥላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ፣ ሁለቱም ጫፉ ወንድ በሆነ ገመድ የኢንቨርተሩን ኮረንቲ ወደ ግድግዳ ሶኬት የሚሰኩ ሰዎች መኖራቸው ነው። ኮረንቲው በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስም ቮልቱ ከፍ ይላል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛም ልጆች አሉት። ቼንጅ ኦቨር የሚባለው መቀያየሪያ ያለው ለዚህ ነው፤ ያለ እሱ የቤቱን መስመር አትንኩ።

ባለሙያ መጥራት ግን ሁሉንም ለእሱ መተው አይደለም። የምታበሩትን፣ የእያንዳንዱን ዋትና በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ራሳችሁ ጻፉ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ፣ ለመብራትና ለቴሌቪዥን የታሰበ ሲስተም ላይ አይታሰብም። የሊድ አሲድ ባትሪም ከግማሽ በታች ቶሎ ቶሎ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል፤ ቁጥሩን ስታስሉ ይህንን ያዙ። መጥቶ ምን እንደምታበሩ ሳይጠይቅ ዋጋ የሚነግራችሁን ባለሙያ አሰናብቱት፤ የሙያ ጓደኞቼ ቢቀየሙኝም ይህን እላለሁ።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ብሬከሩ ላይ የዲሲ ምልክቱና የቮልቱ መጠን የተጻፈበትን ቦታ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ በዓይናችሁ ሳታዩ አትክፈሉ።