ጽዋ የሚያዞሩ ወዳጆች

እግዚአብሔር በቤተ መቅደስ ብቻ ሳይሆን ባልንጀሮች አብረው በተቀመጡበት ቤትም ይገኛል የሚለው እምነት በኢትዮጵያ ሥርዓት ተበጅቶለት የኖረው በጽዋ ማኅበር ነው። ማኅበርተኞች አንድ ቅዱስ ይመርጡና በየወሩ በዕለቱ፣ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔ ዓለምን እያሉ፣ ተራ በተራ በየቤታቸው ይዘክራሉ። ሰንበቴ የሚባለው ደግሞ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሚዘጋጀው ነው። ሁለቱንም የወለዳቸው ጉርብትናና ወዳጅነት ነው፤ ዛሬ ደስ አላለኝም ብሎ መቅረት ግን አይቻልም።

ለዚህ እምነት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የማቴዎስ ወንጌል 18ኛ ምዕራፍ ነው፤ ሁለትም ሦስትም ሆነው በክርስቶስ ስም ለሚሰበሰቡ የተሰጠው ተስፋ እዚያ ይገኛል። የሉቃስ ወንጌል 24ኛ ምዕራፍ ግን ነገሩን በታሪክ ስለሚያሳይ ይበልጥ ይገልጠዋል። ወደ ኤማሁስ የሚጓዙት ሁለት ሰዎች መንገዱን ሙሉ አብሯቸው ሲያወጋ የነበረውን አላወቁትም። ያወቁት ማታ በማዕድ ተቀምጠው እንጀራውን ሲቆርስላቸው ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ የሪቮ ገዳም አበምኔት የነበረው ኤልሬድ፣ ስለ መንፈሳዊ ወዳጅነት በጻፈው መጽሐፍ፣ ሁለት ወዳጆች በሚነጋገሩበት ክርስቶስ ሦስተኛ ሆኖ እንደሚኖር አስተምሯል። የኢትዮጵያ ባላገር ኤልሬድን ሳያውቀው ያንኑ ሐሳብ በጠላና በዳቦ ይዞት ኖሯል።

ተረኛው ቤት ሰሞኑን ሥራ ይበዛበታል፤ ጠላ ይጠመቃል፣ ድፎ ዳቦ ይጋገራል፣ ጽዋው ተሸፍኖ ይቀመጣል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ሥርዓት ያስከብራል፤ ማን እንደቀረ፣ ማን እንደታመመ ይጠይቃል፣ ያለ ምክንያት የቀረውንም ይቀጣል። በመጨረሻ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጥና በዝማሬና በእልልታ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

የዚህ ሁሉ ማዕከል እርቅ ነው። የተጣሉ ማኅበርተኞች ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ እንዲጠጡ አይፈቀድም፤ ካህኑና ሙሴው ሽማግሌ ሆነው ነገሩን ይሰማሉ፣ በዳይ ይክሳል፣ ተበዳይ ይቅር ይላል፣ ከዚያ ጽዋው ይዞራል። የድንበር ክርክርም ሆነ የቃል ቂም በፍርድ ቤት ዓመት ሊፈጅ የሚችለው እዚህ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ዛሬ ብዙ ሰው የእግዚአብሔርን ህልውና በልቡ በሚሰማው ሙቀት ሊለካ ይሞክራል። ማኅበሩ ስለ ስሜት የሚጠይቀው ነገር የለም፤ የሚጠይቀው ታርቀሃል ወይ፣ የታመመውን አይተሃል ወይ፣ በር ላይ ለቆመው ነዳይ ቆርሰሃል ወይ እያለ ነው። ጠንካራ ጎኑም ይኸው ይመስላል። በእርግጥ አንዳንዱ ቤት ድግሱን የፉክክር ያደርገዋል፤ አቅም የሌለው ማኅበርተኛ ተራው ሲደርስ ዕዳ ውስጥ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የኦርቶዶክሳውያን ብቻ አይደለም። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ወዳጃ የሚባለው የጸሎት ስብሰባ ወዳጅ ዘመድን በቡና ዙሪያ ሰብስቦ በዱዓና በመንዙማ ያቆያል። በፕሮቴስታንቶች በኩልም የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። ስትዘጋ ወደ 5,000 ይደርስ የነበረው የአባላት ቁጥር ደርግ ሲወድቅ ከ34,000 በላይ ሆኖ ተገኘ።

የጽዋ ሥርዓት ከአገር ሲወጣ ራሱን ከሁኔታው ጋር ምን ያህል እንደሚያስማማ የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ጥሩ ማሳያ ናት። ካፉሪ ከጥቁር ዓባይ ወዲያ፣ ባሕሪ በሚባለው በሰሜን ካርቱም በኩል የሚገኝ፣ ስሙን ቀድሞ እዚያ ሰፊ እርሻ ከነበረው ከካፉሪ ቤተሰብ የወሰደ፣ ቪላ የበዛበት የባለጸጎች ሰፈር ነው። እንዲህ ባሉ የካርቱም ቤቶች ኢትዮጵያውያን ሴቶች አሠሪዎቻቸው ጋር እያደሩ በቤት ሠራተኝነት ሲያገለግሉ ኖረዋል። እንዲህ የምትኖር ሠራተኛ ማኅበር የምታዘጋጅበት የራሷ ቤት የላትም፤ የወሩ 21 የሚውለውም በሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። ለዚህ በዓረብ አገር ከተሞች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ያገኙት ዘዴ ገንዘብ አዋጥተው ለዕረፍት ቀን አንዲት ክፍል መከራየት ነው።

በሱዳን የሳምንቱ ዋና ዕረፍት ዓርብ ነው። ለኦርቶዶክሳዊት ደግሞ ዓርብ፣ ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናትና ከጥቂት በዓላት በቀር፣ ጾም ነው። ስለዚህ ሴቶቹ አረፍ ብለው የሚገናኙበት ቀን ሥጋና ቅቤ የማይቀርብበት ቀን ይሆናል፤ ሽሮና ምስር ይሠራል፣ ቡናው በአቦል፣ በቶና፣ በበረካ እስኪያልቅ ይቆያል። ጽዋውም ችግር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 የጀነራል ኒሜሪ መንግሥት ሸሪዓን ካወጀ በኋላ የአልኮል መጠጥ ተከለከለ፤ ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 በተደረገ የሕግ ማሻሻያ ነው። በእነዚያ ዓመታት ጠላ መጥመቅ ሊያሳስር ስለሚችል ለጽዋ የሚቀረው ያልፈላ ብርዝ ወይም ቄሪቦ ነበር፤ ከርከዴ የሚባለው የአገሩ መጠጥም ቢሆን አያንስም።

ሱዳናውያንም ዓርብን በራሳቸው መንገድ ያከብሩታል። በኦምዱርማን፣ በሼክ ሐመድ አል-ኒል መቃብር ዙሪያ፣ ቃዲሪያ የተባለው የሱፊ ጦሪቃ ደርዊሾች ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ በከበሮ ዚክር ሲያደርጉ፣ ሕዝቡም ክብ ሠርቶ አብሮ ሲወዛወዝ ኖሯል። ጀበናም የጋራ ነው፤ ሱዳኖች ቡናቸውን ዝንጅብል ጨምረው ይጠጡታል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል በካርቱም የተጀመረው ጦርነት ይህን ኑሮ በተነው። ካፉሪ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የሱዳን ጦር መልሶ እስኪይዘው ድረስ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ቆየ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በድንበሯ ከተማ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። ማኅበር ለአንድ ሰው መለየት መላ አለው፤ የሞተውን ልጁ ወይም የትዳር ጓደኛው ይተካዋል፣ የራቀው ሰው ተራም ለሌላ ይሰጣል። ሁሉም ሲበተን ግን በስልክ አብሮ መጸለይ ይቻል ይሆናል እንጂ ጽዋ ማዞር አይቻልም። ያኔ ማኅበርተኞቹ በደረሱበት ከተማ አዲስ ሰው ጨምረው እንደገና ይመሠርታሉ፤ ቅዱሱ ይመረጣል፣ ሙሴ ይሾማል፣ የመጀመሪያው ተረኛም በዕጣ ይለያል።